ቤቱ የረከሰው ለማን ነው?

በሰሜን ቨርጂኒያ ለተሰበሰቡ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን አመሻችሁ? ከሥራ ወጥታችሁ፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ፣ በዚህ ብርድ እዚህ ስለተገኛችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

አዘጋጆቹ እንድናገር የጠየቁኝ ከአሌክሳንድሪያ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግና ከዚህ አካባቢ ወጥቶ ወደ ገጠር ካውንቲ ስለ መዛወር ነው። እኔና ቤተሰቤ የምንኖረው በሸነንዶዋ ሸለቆ፣ በአንድ አነስተኛ ካውንቲ ውስጥ ነው። ነርስ ነኝ፤ የምሠራውም እዚያው ነው። ለበዓል ወይም ለሠርግ ወደዚህ ስመጣ ሰላምታው ሳያልቅ የሚከተለኝ ጥያቄ አንድ ነው። "እዚያ ቤት ርካሽ ነው አይደል?" አዎ፣ ርካሽ ነው። አካባቢውንም እወደዋለሁ። ማንንም "አትሂዱ" ልል አልመጣሁም።

የመጣሁት በዚያ ጥያቄ ላይ ሌላ ጥያቄ ልጨምርበት ነው። ቤቱ ረክሷል፤ ግን ለማን ነው የረከሰው? ብድሩን ለሚከፍለው ነው? በየማለዳው በጨለማ ተነሥቶ ለሚነዳው ነው? ወይስ መኪና መንዳት ለማይችሉት ለእናቱና ለአሥራ አራት ዓመት ልጁ? እባካችሁ ይህን ጥያቄ ያዙልኝ። ቅናሹ የቤተሰቡ ሁሉ ይመስላል፤ ርቀቱ ግን ለሁሉም እኩል አይከፋፈልም። ከዛሬው ንግግሬ ሌላው ሁሉ ቢረሳ ይህ እንዳይረሳብኝ እፈልጋለሁ።

አራት ጉዳዮች አነሣለሁ፤ ገንዘብ፣ ከተማው ሳይታወቀን ያደርግልን የነበረው ነገር፣ ሕክምና፣ በመጨረሻም ሰው። እኩል ጊዜ አልሰጣቸውም፤ እኩል አይከብዱምና።

ከገንዘቡ እንጀምር። እዚህ ያላችሁ ወረቀትና እርሳስ ያላችሁ ከእኔ ጋር አስሉ። ገጠር ያለው ቤት እዚህ ካለው በ200,000 ዶላር ይቀንሳል እንበል። በ30 ዓመት ብድርና በ6.5 በመቶ ወለድ ይህ ልዩነት በወር 1,264 ዶላር ገደማ ይሆናል። ቀላል ገንዘብ አይደለም። አገር ቤት ያለን ቤተሰብ የሚያኖር ገንዘብ ነው።

አሁን ሥራችሁ እዚሁ ቀረ እንበል። አዲሱ ቤት ከሥራ ቦታ 60 ማይል ይርቃል። ደርሶ መልስ 120 ማይል። በዓመት 240 የሥራ ቀን ብንይዝ 28,800 ማይል ነው። የአሜሪካ የገቢ ግብር መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. ለ2025 ለሥራ ጉዳይ ለተነዳ አንድ ማይል የያዘው ተመን 70 ሳንቲም ነበር። በዚህ ተመን ውስጥ ነዳጅ አለ፣ ጎማና ጥገና አለ፣ ኢንሹራንስ አለ፣ የመኪናው ማርጀትም አለ። ከቤት ወደ ሥራ መመላለስ ከግብር አይቀነስም፤ ስለዚህ ይህን ቁጥር ያመጣሁት የመኪናን እውነተኛ ወጪ እንድንገምትበት ብቻ ነው። አባዙት። 20,160 ዶላር በዓመት። ለ12 ሲካፈል በወር 1,680 ዶላር።

ከቤቱ ያተረፍነው ስንት ነበር? 1,264። በመንገድ የከፈልነው ስንት ሆነ? 1,680።

"የእኔ መኪና ነዳጅ ቆጣቢ ናት፤ ዕዳዋም አልቋል፤ ኢንሹራንሱን ብሄድም ባልሄድም እከፍላለሁ" የሚል ሰው እዚህ አለ፤ ትክክል ነው። ግማሹን እንጣልለት። 840 ዶላር ይቀራል። ከትርፉ ሁለት ሦስተኛው አሁንም አስፋልት ላይ ቀረ ማለት ነው። ባልና ሚስት በተለያየ ሰዓት ወደዚህ የሚመላለሱ ከሆነ ደግሞ ሁለት ጊዜ ቁጠሩት። ጊዜውን ገና አላስገባሁትም። በቀን ሁለት ሰዓት ተኩል መሪ ይዞ የሚውል አባት ልጁን የሚያገኘው መቼ ነው? ተኝቶ ነው የሚያገኘው።

ገቢያችሁን ከ30 በመቶ በላይ ለቤት አታውጡ ሲባል ሁላችሁም ሰምታችኋል። ቺካጎ የሚገኝ የሰፈር ቴክኖሎጂ ማዕከል የሚባል ተቋም ከዚህ የተሻለ መለኪያ አለው፤ ቤትና መጓጓዣ ተደምረው ከገቢ 45 በመቶ እንዳይበልጡ ይላል። እኔ ይህን መለኪያ እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም ቤትና መንገድ ከአንድ ኪስ ነው የሚወጡት።

ታዲያ ሒሳቡ የሚያዋጣው ለማን ነው? ሥራውን ይዞ ለሚሄድ፣ ማለትም ከቤቱ ለሚሠራ ወይም እዚያው ሥራ ላገኘ። የጤና ባለሙያዎችን፣ መምህራንን፣ የከባድ መኪና ሾፌሮችን የገጠር ካውንቲዎች ይፈልጋሉ። ከመካከላችን ከባድ መኪና የሚነዱ ወንድሞች ብዙ ናቸው፤ እዚህ መኪናቸውን የሚያቆሙበት ቦታ ማጣት ስንት ራስ ምታት እንደሆነ ያውቁታል። ገጠር ቦታው አለ። ግን ከመግዛታችሁ በፊት የካውንቲውን የመሬት አጠቃቀም ደንብ ጠይቁ፤ መሬቱ የእናንተ ስለሆነ ብቻ ከባድ መኪና ማቆም ይፈቀዳል ማለት አይደለም። ከደለስ አየር ማረፊያ ተሳፋሪ በማንሣት ለሚተዳደሩ ደግሞ እያንዳንዱ ማይል ከቀን ገቢያቸው ላይ የሚቀነስ ነው።

ስለ ብድሩ አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ለገጠር መኖሪያ ቤት ዋስትና የሚሰጥበት ብድር አለ። ገቢያችሁ ከአካባቢው መካከለኛ ገቢ 115 በመቶ ካልበለጠ፣ ቤቱም ዋና መኖሪያችሁ ከሆነ፣ ያለ ቅድሚያ ክፍያ መግዛት ይቻላል። ሚኒስቴሩ ገጠር ብሎ የያዘው ካርታ ትናንሽ ከተሞችንም ስለሚጨምር የግድ ጫካ መግባት አይጠበቅባችሁም። ነገር ግን ያለ ቅድሚያ ክፍያ የገዛ ሰው በሁለተኛው ዓመት አልተመቸኝም ብሎ ልሽጥ ቢል ዕዳው ከቤቱ ዋጋ ሊበልጥበት ይችላል። ስለዚህ በዚህ ብድር የሚገዛ ሰው ቦታውን ከሌላው አብልጦ ይመርምር።

ወደ ሁለተኛው ጉዳይ ልሂድ። ከተማ ውስጥ ቧንቧ ስንከፍት ውኃው ንጹሕ መሆኑን የሚመረምርልን ሌላ ሰው ነው። ገጠር ብዙ ቤት የራሱ ጉድጓድ አለው፤ የግል ጉድጓድን ደግሞ የፌዴራሉ የመጠጥ ውኃ ሕግ አይሸፍነውም። መርማሪው እናንተ ናችሁ። ጉድጓድ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ለባክቴሪያና ለናይትሬት መመርመር አለበት። ናይትሬት የሚመጣው ከእርሻ ማዳበሪያ፣ ከከብት እበትና ከፍሳሽ ነው፤ ለሕዝብ ውኃ የተፈቀደው ጣሪያ በሊትር 10 ሚሊ ግራም ነው። ከዚያ ያለፈ ውኃ የጡጦ ወተት የሚበጠበጥለትን ጨቅላ ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርገዋል። በማፍላት አይጠፋም፤ እንዲያውም ውኃው ሲተን ይበልጥ ይጠነክራል። አፍልቶ መጠጣት የለመድን ሰዎች ነን፤ ስለዚህ ይህን ደግሜ እላለሁ፤ ናይትሬት በማፍላት አይጠፋም። ሕፃን ያላችሁ የምርመራውን ውጤት ሳታዩ አትፈርሙ።

ፍሳሹም እንዲሁ ነው። የከተማ ቱቦ በሌለበት እያንዳንዱ ቤት መሬት ውስጥ የተቀበረ ታንክ አለው፤ በየሦስት ዓመቱ መታየት፣ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ባለው ጊዜ መመጠጥ አለበት። ታንኩ የሚሠራው ለመኝታ ክፍል ቁጥር ተመጥኖ ነው። የእኛ ቤት ደግሞ እንግዳ የማይጠፋበት፣ ዘመድ መጥቶ ወራት የሚከርምበት ቤት ነው። ሻጩን "ይህ ታንክ ለስንት ሰው ነው? መጨረሻ የተመጠጠው መቼ ነው?" ብላችሁ ጠይቁ።

መንገድ። ቨርጂኒያ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1932 ጀምሮ የአብዛኞቹን ካውንቲዎች መንገድ የሚጠግነውና በረዶ የሚጠርገው ግዛቱ ነው። ይህ ግን ለሕዝብ መንገድ ነው። ኮረብታው ላይ ያለው፣ በፎቶግራፍ ያማረው ቤት ብዙ ጊዜ የሚደረሰው በግል የጠጠር መንገድ ነው፤ ጠጠሩን የምታለብሱትም በረዶውን የምትጠርጉትም እናንተና ጎረቤቶቻችሁ ናችሁ። በመንገዱ ጥገና ላይ የተጻፈ ስምምነት መኖሩን ጠይቁ።

እሳት። በዚህ አገር ከእሳት አደጋ ሠራተኞች አብዛኞቹ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ገጠር ደግሞ ይበልጡን በእነርሱ ትከሻ ላይ ነው ያለው። እኔ ለእነዚህ ሰዎች ያለኝ አክብሮት ወሰን የለውም፤ እራት ጥለው ይሮጣሉ። ግን ከቤታቸው ተነሥተው፣ ጣቢያ ደርሰው፣ መኪናውን አስነሥተው ነው የሚመጡት። ኢንሹራንሶችም ይህን ያውቃሉ። ከእሳት አደጋ ጣቢያ ከ5 ማይል በላይ የራቀ ቤት በብዙዎቹ የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ዘንድ ከመጨረሻው ደረጃ ይመደባል፤ ክፍያውም በዚያው ልክ ነው። ስለዚህ የቤቱን አድራሻ ይዛችሁ የኢንሹራንስ ዋጋ ጠይቁ፤ ከዚያ በኋላ ነው ለቤቱ ዋጋ የምታቀርቡት።

ኢንተርኔት ላይ አልቆይም። ከቤት የሚሠራ ሰው "ኢንተርኔት እዚህ ይደርሳል" የሚል የካርታ ማረጋገጫ አይበቃውም፤ ጎረቤቱን በር አንኳኩቶ "እናንተ ጋ ይሠራል?" ይበል።

ሦስተኛው ጉዳይ ሙያዬ ነው፤ ትንሽ ልቆይበት ፍቀዱልኝ።

"ካውንቲው ሆስፒታል አለው ወይ?" ብሎ መጠየቅ አይበቃም። ምን ዓይነት ሆስፒታል? እ.ኤ.አ. በ1997 በወጣ ሕግ የተፈጠረ የገጠር ሆስፒታል ዓይነት አለ፤ ከ25 የማይበልጡ አልጋዎች ብቻ ነው የሚኖሩት። እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ ደግሞ ድንገተኛ ክፍልና የተመላላሽ ሕክምና ብቻ ይዞ፣ ሕሙማንን የማያስተኛ ዓይነት ተጨምሯል። ሁለቱም ሕይወት ያድናሉ፤ እኔም በትንሽ ሆስፒታል መሥራቴ ያኮራኛል። ግን ሁሉን አያደርጉም። እ.ኤ.አ. በ2022 ከአገሪቱ የገጠር ሆስፒታሎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የማዋለድ አገልግሎት አልነበራቸውም። ገና ልጅ ለመውለድ የምታስቡ፣ ስሙኝ፤ ሆስፒታሉ ቅርብ ነው፣ ማዋለጃው ግን ተራራውን ተሻግሮ ሊሆን ይችላል።

አንድ ምሽት የሆነውን ልንገራችሁ። ማንነታቸውን የሚያሳውቅ ነገር አልናገርም። አንድ አዛውንት አፋቸው ተጣሞ፣ አንድ ወገናቸው ዝሎ መጡ። ስትሮክ ነው። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት ምልክቱ ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ እስከ አራት ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ውስጥ መሰጠት አለበት። ቤተሰቡ "እስኪ ትንሽ ይረፉ" ብሎ ጠብቋል፤ አምቡላንሱ ከሌላ ጥሪ እስኪመለስ ጊዜ ሄዷል፤ መንገዱም ረጅም ነው። ደግነቱ ደረሱ። መድኃኒቱን ሰጠናቸው፤ ከዚያ በሄሊኮፕተር ወደ ትልቅ ሆስፒታል ተላኩ። ከተማ ቢሆን "እስኪ ይረፉ" ተብሎ የባከነው ጊዜ ምናልባት በከፊል ይካካስ ነበር። ገጠር አይካካስም። ስለዚህ ገጠር የሚኖር ቤተሰብ አንድ ሕግ ይኑረው፤ አፍ ከተጣመመ፣ እጅ ከዛለ፣ ንግግር ከተኮላተፈ፣ ያኔውኑ 911 ይደወላል። ማረፍ የለም፣ ማማከር የለም።

ስለ ክፍያውም ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ ሕግ ኢንሹራንስ ያለውን ሰው ከኢንሹራንሱ ጋር ውል የሌለው የሄሊኮፕተር አምቡላንስ ከሚልክበት ድንገተኛ ዕዳ ይጠብቀዋል። የመሬት አምቡላንስን ግን ሕጉ አልጨመረውም። ርቀት ሲረዝም የመሬት አምቡላንስ ሂሳብም ይረዝማል፤ የኢንሹራንስ ውላችሁን በዚህ በኩል እዩት።

ኩላሊት እጥበት ላይ ያለ ወላጅ ያላችሁ ደግሞ ከሁሉ በፊት ይህን አስሉ። እጥበት በአብዛኛው በሳምንት ሦስት ቀን ነው፤ አንዱ እጥበት አራት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ማእከሉ 40 ማይል ቢርቅ ማን ያደርሳቸዋል? ማን ይመልሳቸዋል? የማንኛችሁ ሥራ ይህን ይፈቅዳል? መልስ የሌለው ቤተሰብ አይዛወር። ይህን ሳላወላውል ነው የምለው።

አስተርጓሚን በተመለከተ አትፍሩ። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ የገጠሩም ጭምር። በስልክ ወይም በቪዲዮ ይሆናል እንጂ አማርኛ አይጠፋም። እባካችሁ የአሥር ዓመት ልጅ የአያቱን ሕመም እንዲተረጉም አታድርጉ።

አሁን ወደ አራተኛው፣ ወደ ሰው መጣሁ።

"ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች" ይላሉ አባቶቻችን። እገሌ ገዛ፣ እገሊት አምስት ኤከር አገኘች እየተባለ የሚኬድበት ጉዞ ያስፈራኛል፤ የእገሌ ቤተሰብ የእናንተ ቤተሰብ አይደለምና። ቤት ውስጥ ያለውን ሰው አንድ በአንድ ቁጠሩ። ማን ይነዳል? ማን አይነዳም? የማይነዳው ሰው ከጠዋት እስከ ማታ ምን ያደርጋል? ማንን ያያል?

እኛ ከመግዛታችን በፊት ተከራየን። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ፣ እዚያው ተወልዳ ያደገች፣ "አንድ ክረምት ሳታሳልፉ ምንም አትግዙ" ብላ መክራኝ ነበር። የተከራየነው ቤት ከዋናው መንገድ ገባ ያለ፣ ተራራው ፊት ለፊት የሚታይበት ነበር። እናቴም አብራን መጣች። መጀመሪያ ደስ አላት፤ መሬቱን ቆፈረች፣ ጎመን ተከለች፣ ጸጥታውን አመሰገነች። ክረምቱ ሲገባ ዝም እያለች መጣች። እኔና ባለቤቴ ሥራ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት። አንድ ማታ ምን ሆነሽ ብዬ ጠየቅኋት። "ቤቱ ያምራል፣ አየሩም ደግ ነው" አለችኝ። "ግን እኔ እዚህ ሰው የምሆነው እናንተ ስትመጡ ብቻ ነው።"

ወገኖቼ፣ በየትኛው የሒሳብ መዝገብ ላይ ነው ይህ የሚጻፈው? የቤት ብድሩ ሰንጠረዥ ላይ የለም። የንብረት ግብሩ ላይ የለም። ግን ወጪ ነው፤ በየወሩ የሚከፈል ወጪ ነው፤ ይከፍል የነበረውም በቤቱ ዋጋ አንድ ሳንቲም ያላተረፈ ሰው ነው።

ከዚያ በኋላ ከእናቴ ጋር ተቀምጠን በእግርሽ ልትደርሺበት የሚገባው ምን ምን ነው ብለን ጠየቅናት። መድኃኒት ቤት አለች። "እንደምን አደርሽ" የሚል ሰው የሚገኝበት ቦታ አለች። እሁድ የሚያደርሳት ሰው እንዳይጠፋ አለች። ይህን ይዘን ፈለግን። ሰፊውን መሬት ትተን በካውንቲው መቀመጫ ከተማ ውስጥ አነስ ያለ፣ አሮጌ ቤት ገዛን። የከተማ ውኃ አለው፣ የከተማ ፍሳሽ አለው፣ የእግረኛ መንገድ አለው፣ የእሳት አደጋ ጣቢያውም ቅርብ ነው። ከኮረብታው ቤት ብዙም አልተወደደም። እናቴ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ በእግሯ ትሄዳለች፤ እዚያ የሚሠሩት ሴቶች ስሟን አሳምረው ይጠራሉ። ገጠር ካውንቲ ማለት የግድ ብቸኛ ኮረብታ ማለት አይደለም። ብዙዎቻችሁ ልትፈልጉት የሚገባው ቤት እንዲህ ያለው ይመስለኛል፤ ማስታወቂያው ላይ ግን ከሰፊው መሬት በታች ተቀምጦ ዓይን ውስጥ አይገባም።

ሁሉም ተፈታ አልላችሁም። ለእሁድ ቅዳሴ አሁንም ረጅም መንገድ እንነዳለን። ለቅሶ ሲሆን ደግሞ ይከብዳል። በሥራ ቀን ማታ የሰማነው ለቅሶ ካለ አንዳችን እንሄዳለን፣ ሌላችን ከልጆቹ ጋር እንቀራለን፤ ሠልስት ድረስ አብሮ መቀመጥ አይቻልም። ዕድራችንን ግን አልተውንም። እዚህ ያላችሁ የዕድር ኃላፊዎች፣ ከከተማ ለወጡ አባላት ስልክ መደወልን አታቋርጡ፤ የራቀ ሰው መጀመሪያ የሚቆረጠው ስልኩ ዝም ሲል ነው።

ልጆችንም አስቡ። ትምህርት ቤቱ ትንሽ ነው፣ መምህሩ ልጃችሁን በስሙ ያውቀዋል፤ ይህ መልካም ነው። ግን ከክፍል በኋላ እግር ኳስ ወይም ሙዚቃ ቢፈልግ የመጨረሻው አውቶቡስ ሄዷል፤ የሚመልሰው ወላጅ ነው። ወላጁ ደግሞ 60 ማይል ርቀት ላይ ሥራ ላይ ነው። መልሱ "አትመዝገብ" ይሆናል። ልጁ የከፈለው ይህን ነው።

በተግባር ምን ታደርጋላችሁ? በመጀመሪያ ተከራዩ፤ ክረምት ይለፍባችሁ። ያ ካልተቻለ ቤቱን በየካቲት ብርድ፣ በሥራ ቀን፣ በማለዳ ሄዳችሁ እዩት፤ የበልግ ቅጠል ሲያምር የታየ ቤት ሁሉ ደግ ነው። ከቤቱ በር ተነሥታችሁ ወደ ሥራ በሥራ ሰዓት ንዱ። ወደ ማዋለጃ፣ ወደ ፋርማሲ፣ ወደ ቤተ እምነታችሁ ንዱ። ከዚያ ቤተሰቡን ሰብስቡና የማይነዱት መጀመሪያ ይናገሩ። እናትን "አይመችሽም ወይ?" ብላችሁ አትጠይቁ፤ እናት "ይመቸኛል" ነው የምትለው። "ማክሰኞ ዕለት ምን ታደርጊያለሽ?" ብላችሁ ጠይቁ።

ጊዜዬን ጨርሻለሁ፤ ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ። አሁን መድረኩ ለጥያቄና ለአስተያየት ክፍት ነው። አዘጋጆቹ ከፈቀዱልኝ ማይክሮፎኑ መጀመሪያ ከኋላ ወደ ተቀመጡት እናቶች ይሂድ። ስለዚህ ጉዳይ ቤት ውስጥ ተጠይቃችሁ የማታውቁ ካላችሁ፣ ዛሬ እዚህ እንስማችሁ።